ሁለተኛው ጉርሻ

ጋሽ ዳምጤ መሞታቸውን የሰማሁት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። ማዳም ወጥ ቤት ገብታ ዓይኔን ስታይ ታዲያ የሽንኩርቱ መሰላት።

የደወለችልኝ ልጄ ቤዛ ናት፣ ከያስ ደሴት። «እማ፣ የጋሼ እህት ከባሕር ዳር ደውላ ነበር» አለችኝ። እሳቸው ሳይሆኑ እህታቸው ስትደውል ገባኝ። ስልኩን ዘግቼ ሽንኩርቱን ጨረስኩ፣ ከዚያ የከተፍኩትን መልሼ መክተፍ ጀመርኩ። ልቅሶ ልቀመጥ? የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ሥራም አላገናኘንም፤ እኔ እዚህ ዓረብ አገር፣ አል ዓይን ከተማ አል ቶዋያ ሰፈር፣ ሰው ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ፣ እሳቸው ያስ ደሴት ላይ ጀልባ ነጂ ነበሩ። ተጣልተን ነው የተለያየነው ወይስ ታርቀን፣ እሱንም እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። የምጽፈውም ስጽፈው ይለይልኝ እንደሆነ ብዬ ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ስለቀረ የተምታታ ነገር ብታገኙ ይቅር በሉኝ። ነገሩም ራሱ የተምታታ ነው።

ጋሽ ዳምጤ አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ ሰው ነበሩ። መሬት ላይ ሲሄዱ እንኳ እግራቸውን ከፈት አድርገው ነው የሚረግጡት፤ ወለሉ ድንገት ይወዛወዛል ብለው የሚጠብቁ ይመስላሉ። ግራ እጃቸው ላይ አንድ ቀይ ጥምዝምዝ ገመድ አይጠፋም። ጀልባ ሲነዱ የገመዱን ጫፍ ሞተሩ ማጥፊያ ላይ ይሰኩታል፤ ነጂው ቢወድቅ ገመዱ ተስቦ ይወጣና ሞተሩ ይጠፋል። እሳቸው ግን ቤተ ክርስቲያንም እንዳሰሩት ነው የሚመጡት። አንዱ ዲያቆን ሁልጊዜ ይቀልድባቸዋል፤ «ካፒቴን፣ ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይሄድብዎት አስረውት ነው?» ይላቸዋል። እሳቸውም ሳይስቁ፣ «እኔ ስወድቅ የሚቆም ነገር እንዲኖር ነው» ይላሉ።

የባሕር ዳር ልጅ ናቸው። ዓረብ አገር ከመምጣታቸው በፊት ጣና ላይ ሰው ወደ ገዳማቱ ያመላልሱ ነበር። ስለዚያ ዘመን አንድ ቀን ብቻ ነው ያጫወቱኝ፣ እሱንም በግማሽ። በእሳቸው ሞተር ጀልባ አጠገብ እንጨት የጫነች ታንኳ ነበረች አሉ። አለፏት፤ የጀልባቸው ሞገድ እንደመታት አላዩም። ዞር ሲሉ ሁለት ሰዎች እጃቸውን ያውለበልባሉ። ሰላምታ መስሏቸው እሳቸውም እጃቸውን አውለበለቡላቸው። «እኔ ሰላም ስላቸው እነሱ እየሰመጡ ነበር። አንደኛው ዋኝቶ ወጣ» አሉኝ። ስለ ሌላው አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም ያንን ቀይ ገመድ ማዟዟር ጀመሩ።

ቤዛን ወደ ሥራው ያስገቧት እሳቸው ናቸው። ልጄ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፤ እንደኔ ሰው ቤት እንዳትገባብኝ ስል ያልለመንኩት ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ጋሽ ዳምጤን ለመንኳቸው። «ውሃ ትፈራለች?» አሉኝ። በጣም ትፈራለች አልኳቸው። «ጥሩ ነው፤ የማይፈራ ሰው አያስፈልገኝም» አሉ። እሳቸው የሚሠሩበት ጀልባ አከራይ ቤት ረዳት ሆና ተቀጠረች፣ ለስድስት ወር በሙከራ።

ሲያስተምሯት በጣታቸው ነው። የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ግማሿ የለችም፣ የጀልባ ገመድ ነው የበላት። ከትንሿ ጣት ይጀምራሉ። ሰው ከገጨሽ ቁሚ። ሁለተኛ፣ ከውሃ አንሺው፣ የተጎዳውን እዪለት። ሦስተኛ፣ ማን እንደሆንሽ ንገሪው፤ ስምሽን፣ የጀልባሽን ቁጥር፣ የባለቤቷን ስም። አራተኛው ላይ ግማሿ ጣት ትመጣለች። «ይቺ ደግሞ ለሕግ መናገር ናት። ጣቲቱ አጭር ናት፣ ግን ብዙ ሰው እሷ ላይ ሲደርስ እጁን ይጨብጣል» ይሏታል። ቤዛ ማታ ስትደውልልኝ እየሳቀች ነበር የምትነግረኝ። «እማ፣ የጋሼ ሕግ ሦስት ጣት ተኩል ነው።»

ሌላው ነገራቸው መዝገባቸው ነው። ጀልባ ላይ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ስም ከነአባቱ ይጽፋሉ። ስሙን ያልተናገረ ካለ ሞተር አይነሣም። አንድ ቀን ጎረምሶች ተከራይተው አንደኛው ሊቀልድባቸው ስሜ ሻርክ ነው አላቸው አሉ። መዝገቡን ይዘው ቁጭ። ልጁ ተናደደ፣ ጓደኞቹ ሳቁ። እሳቸው በዚያ በሚሰባበር ዓረብኛቸው፣ «አንተ ብትጠፋ ሻርክ ፈልጉልኝ ብዬ ነው የምናገረው፤ ሻርክ ደግሞ እዚህ ሞልቷል» አሉት። ልጁ ስሙን ከነአያቱ ነገራቸው።

እንግዲህ ወደዚያ እሑድ ልምጣ።

ፋሲካ ካለፈ ሁለተኛው ሳምንት ነበር። ለማዳም ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ብዬ ከአል ዓይን አውቶቡስ ያዝኩ፣ ግን የሄድኩት ያስ ነው። ልጄን ናፍቄአታለሁ፣ ዶሮም ሠርቼላታለሁ። ጋሽ ዳምጤ አሠሪያቸውን አስፈቀዱና ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ትንሽ ላዙራችሁ አሉን። ስሜን ጠየቁኝ። ጋሼ፣ ያውቁኝ የለም ወይ አልኳቸው። «አውቅሻለሁ፤ መዝገቡ ግን አያውቅሽም» አሉና «አስካለ ተሰማ» ብለው ጻፉ። ላይፍ ጃኬቱንም ራሳቸው አጠበቁልኝ።

በአል ራሐ ቢች በኩል፣ ዛፎቹ ውሃ ውስጥ ወደቆሙበት ቀስ ብለን ሄድን። ቤዛ ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ ፊት ለፊታችን ተቀምጣለች። ውሃው ጸጥ ያለ ነው። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ይሄን ሳልጽፍ ማለፍ የለብኝም፤ ከስንት ዓመት በኋላ ደስ ብሎኝ ነበር። የዶሮውን ሳህን ከፈትኩ። ለቤዛ አጎረስኳት። ከዚያ ለጋሽ ዳምጤ ጠቀለልኩ። መሪውን እንደያዙ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ስንቆም አሉ። እጄን አይመልሱብኝ አልኳቸው። ለሰው እጅ አይሆንም ማለት ከባድ ነው፤ ዓይናቸውን ከውሃው ሳይነቅሉ አፋቸውን ከፍተው ተቀበሉኝ። እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት?

«አንድ ያጣላል፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አተለቅሁት። እንቁላል ጨመርኩበት። መረቁ እንዳይንጠባጠብባቸው ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ፤ እኔም ሌላውን እጄን ከአገጫቸው ሥር ያዝኩ። ያኔ አንድ ነገር ጓ አለ። ብዙም አይደለም፣ በር በጉልበት ሲዘጋ እንደሚሰማው ያህል ነው። ጋሽ ዳምጤ ከመሪው ተወርውረው ጀልባዋ ወለል ላይ ወደቁ፣ ቀዩ ገመድ ተነቀለ፣ ሞተሩም ጸጥ አለ። ቢጫ ካያክ፣ ያቺ በመቅዘፊያ የምትሄደው ጠባብ የላስቲክ ጀልባ፣ ተገልብጣ አየኋት። አጠገቧ የሰው ጭንቅላት።

እንዴት እንዳወጡት አላውቅም። ጋሽ ዳምጤ የነፍስ አድን ቀለበቱን ወረወሩለት፣ ቤዛ ክንዱን ያዘች፣ አንድ ሁለት ተባብለው ሳቡት። ሰውየው ጎልማሳ ህንዳዊ ነው። ውሃ እያስነጠሰው፣ ኖ ፕሮብሌም፣ ኖ ፕሮብሌም ይላል። ይስቃልም። ኋላ እንደሰማነው እሱም መሥሪያ ቤቱ እንዲሰማበት አልፈለገም። ካያኬን አቅኑልኝና ልሂድ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ አለ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ማንም አላየንም፣ ሰውየው ይስቃል፣ አለቀ።

ጋሽ ዳምጤ ግን ስልካቸውን አውጥተው ለባሕር ጠባቂዎቹ መደወል ያዙ።

ምን ነካቸው አልኩ። እኔ ድሮ አንድ ዓመት ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዩኒፎርም ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ያኔ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ማንም ካልጠራህ አቤት አትበል የሚለውን ነው። ጋሼ፣ ራሱ ኸላስ አለ እኮ አልኳቸው።

«አፉ ያለውን ሰምቻለሁ። ትከሻው የሚለው ሌላ ነው።»

ሰውየው ግራ ትከሻውን ወደ ታች ጥሎ በቀኝ እጁ ይዞታል። እኔ አላየሁትም ነበር። ስማቸውንና የጀልባዋን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው በደህናው እጁ አስያዙት። ከዚያ መዝገቡን አነሡ። ያኔ ነው ፍርሃት መጥቶ የወረረኝ። ስሜ እዚያ አለ። ቤተ ክርስቲያን ነኝ ብያለሁ። ፖሊስ ለማዳም ይደውላል፣ ማዳም ዋሽተሽኛል ትላለች፣ ቤዛም ሙከራዋን አልጨረሰችም። ሁለታችንንም በአንድ አውሮፕላን ሲልኩን ታየኝ። እጃቸውን ያዝኩ።

«ስሜን ይሰርዙልኝ። በልጄ ይሁንብዎ፣ ይሰርዙልኝ።»

መዝገቡን ዘግተው ብብታቸው ሥር አደረጉት።

«አስካለ፣ ስምሽን ከሰረዝኩት እኮ ብትሰምጪ አልፈልግሽም» አሉኝ።

ያኔ አልገባኝም። ክፉ አነጋገር መሰለኝ። ተናድጄ ሳህኑን እንዳለ ባሕር ውስጥ ጣልኩት፣ መሪው ላይ የተንጠባጠበውን መረቅ በእርጥብ ሶፍት ጠረግሁ። ተይው፣ ምንም ነገር አትንኪ ሲሉኝ ጨርሼ ነበር። ሰው ቤት ስትኖሪ የፈሰሰ ነገር ታይቶ አያድርም፤ እጄ ቀድሞኝ ነው የሄደው። ማለት፣ ግማሹ እንደዚያ ነው። ግማሹ ሆን ብዬ ነው።

የባሕር ጠባቂዎቹ መጡ፣ ሰውየውን ሐኪም ቤት ላኩ። ወጣቱ መኮንን ጨዋ ነው፣ ድምፁንም አያነሣም፤ ለኔ ግን ያው ነው። ጋሽ ዳምጤን ምን ሆነ አላቸው። እኔ ነበርኩ የምነዳው፣ ፊቴን ከውሃው አዞርኩ፣ ምግብ እየበላሁ ነበር አሉ። ማን ነው ያበላህ አላቸው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አሉት።

ከዚያ ወደኔ ዞረ። ምን አየሽ? ምንም አላየሁም፣ ስልኬን እያየሁ ነበር አልኩት። ምግብስ? ምንም ምግብ አላየሁም። ቤዛ ወለሉን ታያለች። ጋሽ ዳምጤ ግን አልተቆጡም። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተቀምጧል፤ ሦስቱ ጣቶች ታጥፈው ያቺ ግማሿ ብቻ ቀጥ ብላ ቆማለች። ለኔ ይሁን ወይም እንዲያው የጣታቸው አቀማመጥ ይሁን እስከ ዛሬ እንጃ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ቤዛ ስትደውል ቁጣዋን ትደብቃለች፣ ከድምፅዋ ግን እሰማዋለሁ። ጋሼ የጽሑፍ ቃላቸውን ሲሰጡ ሁሉንም ጽፈዋል አለችኝ፤ አንዲት ተሳፋሪ እንደ አገራችን ልማድ አጎረሰችኝ፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ እምቢ ማለት የነጂው ሥራ ነበር ብለው። አሁን የእኔና የእሳቸው ቃል አልገጠመም፤ ቤዛ ደግሞ ረዳታቸው ስለሆነች ቃሏ አልተቆጠረም። ከጀልባዋም ምንም የምግብ ምልክት አልተገኘም፤ የጠረግሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ሰበብ የፈጠሩ መስለው ታይተዋል አለችኝ። የፈለጉትን ቢሉ ምን አለበት አልኳት። «እማ፣ ሰውየው እኮ ዋሽተው አያውቁም። አሁን ውሸታም የተባሉት ባንቺ ነው» አለችኝና ዘጋችው።

ደግሞ ተጠራሁ። የተደወለው ለማዳም ነው። መጥታ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች፣ ያ ቤተ ክርስቲያን ባሕር ላይ ነው እንዴ አለችኝ። እንደማለቅስ ስታይ የመኪናዋን ቁልፍ አነሣች።

የባሕር ጠባቂዎቹ ቢሮ ኮሪደር ላይ ጋሽ ዳምጤ ተቀምጠዋል። ነጭ ሸሚዝ፣ ቀይ ገመድ። አሁን ይለምኑኛል፣ ወይ ይረግሙኛል ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ቁርስ በልተሻል?» አሉኝ። ያ ብቻ። ወዲያው ተጠራሁ።

እውነቱን ልናገር አስቤ አልነበረም የገባሁት፤ ዋሽቼም ልጸና አልወሰንኩም ነበር። ስቀመጥ መኮንኑ ስምሽ አለኝ፣ አስካለ ተሰማ አልኩ። ስሜን ከነአባቴ ስጠራ ያ መዝገብ ትዝ አለኝ፤ ብጠፋ የሚፈልገኝ ሰው እዚያ ኮሪደር ላይ እንዳለ ትዝ አለኝ። ቀሪው እንደ ውሃ ፈሰሰ። አጎርሻቸዋለሁ። ሁለቴ ነው። ሳህኑን የጣልኩት እኔ ነኝ፣ የጠረግሁትም እኔ ነኝ።

መኮንኑ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ለምን ሁለቴ? እንግዲህ ይህንን በወጥ ቤት ዓረብኛ አስረጂ! ዋሂድ ሙሽኪላ፣ እትኔን ማፊ ሙሽኪላ አልኩት። አንድ ችግር ነው፣ ሁለት ችግር የለም ማለቴ ነው። ደግሜ ነገርኩት፣ ሦስተኛም ነገርኩት።

«ሁለተኛው እኮ ነው ችግር የሆነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ማዳም ከኋላዬ ቆማ፣ ልጆቼንም እንዲሁ ነው የምታደርጋቸው፣ አንዴ አጉርሳ አትተዋቸውም አለችልኝ። መኮንኑ ሳቀ ልበል ወይስ አልሳቀ፣ ብቻ ጻፈ። በመጀመሪያው ቃሌ ስለዋሸሁ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ ፈረምኩ፣ ወጣሁ። አልታሰርኩም። ቤዛም አልተባረረችም። የካያኩ ሰውዬ ትከሻ አጥንቱ ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ጋሽ ዳምጤ ቆመው እንዳወጡት፣ ስማቸውን እንደሰጡት፣ እምቢ እያለ ሐኪም ቤት እንዳስላኩት እሱም ተናግሯል።

ጋሽ ዳምጤ ግን ተቀጡ። ፈቃዳቸው ለጥቂት ወራት ታገደ፣ አሠሪያቸውም እስኪመለስላቸው አልጠበቀም። ይኸው ነው የሚያምታታኝ። ተናገሩ፣ ተቀጡ። እኔ ዋሸሁ፣ እቤቴ ገባሁ። ቤዛን ጠየቅኋት፤ «የተቀጡት በመናገራቸው አይደለም፣ ፊታቸውን በማዞራቸው ነው። ባይናገሩ ኖሮ ይታሰሩ ነበር፣ እኔም ጭምር» አለችኝ። እሷ ይገባታል። እኔ ግን ያዞርኩት ፊት ነው የሚታየኝ።

ወደ አገር ከመሄዳቸው በፊት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ተሰናበትናቸው። ቀዩን ገመድ ፈትተው ለቤዛ ሰጧት። እኔ ምግብ ይዤ ነበር። አንዱን ጠቀለልኩ፣ ጎረሱልኝ። ሁለተኛውን ስጠቀልል ከአፌ አመለጠኝ፤ «አንድ ያጣላል፣ ጋሼ» አልኩ። ቃሉ አፌ ውስጥ እንዳለ ደነገጥኩ። ጋሽ ዳምጤ ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

«ሁለተኛው ይቆይ። ባሕር ዳር ስትመጪ ታጎርሺኛለሽ» አሉኝ።

አልሄድኩም። ዘንድሮ፣ ከርሞ እያልኩ። አሁን እህታቸው ደወለች። ታዲያ እኛ ምን ሆነን ነው የተለያየነው? ስንሰናበት አንድ ብቻ ነው ያጎረስኳቸው። ቀልደው ነው ወይስ ቂም ነበራቸው? የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ከመርዶው በኋላ ባለው እሑድ ለማዳም እውነቱን ነግሬ ያስ ሄድኩ። ቤዛ አሁን ራሷ ነጂ ናት። መዝገቧን ይዛ ጀልባው ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ስም አለችኝ። አንቺ ልጅ፣ ወልጄሽ የለም ወይ ልላት ነበር፣ ተውኩት። «አስካለ ተሰማ» አልኳት፤ ጻፈችው። ያን ቦታ፣ ዛፎቹ ውሃ ውስጥ የቆሙበትን፣ ቀስ ብለን አለፍነው። ሳህኔን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ክዳኑን በሁለት እጄ ይዤው ነበር።

መቆሚያው ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋች፣ ቀዩ ገመድ ግን ገና እጇ ላይ ነው። ያን ጊዜ ከፍቼ አጎረስኳት። እያኘከች ሁለተኛውን ስትጠብቅ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ አፏ ግን ይስቃል።

«እማ፣ አንድ ያጣላል» አለችኝ።

«መጀመሪያ ጀልባዋን እሰሪ» አልኳት።